የካውቦይ ተኩስ፦ የጥንቃቄ ሕግጋቱና የግጥሚያው አነዳደፍ

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፍጻሜ አንሥቶ እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መዝጊያ ድረስ፣ በምዕራባዊው አሜሪካ የከብት ነጂው፣ የሸሪፉ፣ የማዕድን ቆፋሪውና የሽፍታው ትጥቅ የነበረውን መሣሪያ ይዞ፣ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ፣ ከብረት በተሠራ ዒላማ ላይ በሰዓት እየተለካ መተኰስ ዛሬ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል፤ ስሙም የካውቦይ ተኩስ ይባላል። ከሩቅ የሚመለከተው ሰው ባርኔጣውንና ዝናሩን፣ የባሩዱን ጢስና የብረቱን ጩኸት ብቻ አይቶ እንደ ሲኒማ ጨዋታ ሊያልፈው ይችላል። ቀርቦ የመረመረው ግን፣ የጦር መሣሪያ በሰው እጅ ሲገባ ምን ያህል ሥርዓት እንደሚያሻው ይህን ያህል በግልጥ የሚያሳይ ጨዋታ ጥቂት መሆኑን ያስተውላል። የጥንቃቄው ሕግና የመድረኩ አነዳደፍ ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለ ሆኑ፣ ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ሳይለያይ ይመለከታል፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስፖርቱ ጥንተ ነገር ሩቅ አይደለም። በ1976 ጄፍ ኩፐርና ጓደኞቹ በሚዙሪ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ ዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኅብረት ከመሠረቱ ወዲህ፣ ፍጥነትንና ዒላማ መምታትን በአንድነት የሚመዝን ውድድር በብዙ አገር ተስፋፋ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በካሊፎርኒያ ሃርፐር ክሬይ የተባለ ሰውና ወዳጆቹ፣ ዘመናዊውን መሣሪያ ትተው በጥንቱ ስድስት ጎራሽ እንወዳደር ብለው ተነሡና «ኤንድ ኦቭ ትሬል» የተባለውን ግጥሚያ አቆሙ፤ በ1987ም «ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ» የተባለው ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። እያንዳንዱ አባል በሜዳው ላይ የሚጠራበት፣ ሌላ ማንም ሊይዘው የማይችል የተመዘገበ ስም አለው፤ ክሬይም «ጀጅ ሮይ ቢን» ይባል ነበር። አባ ታጠቅና አባ ዳኘው በሚሉ የፈረስ ስሞች ታሪኩን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ሰው ለጀግንነት ሜዳ ሌላ ስም መያዙ አይደንቀውም። ዛሬ ማኅበሩ ከአሜሪካ ውጭም በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በጀርመን የተባበሩት ክበቦች አሉት።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ሲኒማ የሳለው ምዕራብ ሁሉም ሰው ሽጉጡን በወገቡ አንጠልጥሎ የሚዞርበት አገር ነው፤ እውነተኛው ምዕራብ ግን ብዙ ከተሞቹ በክልላቸው ውስጥ መሣሪያ መያዝን በሕግ የከለከሉበት ነበር። በካንሳስ ግዛት በዶጅ ሲቲ መግቢያ ላይ መሣሪያ መያዝ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ቆሞ ነበር። በአሪዞና ቱምስቶን ከተማም በ1881 የወጣው ድንጋጌ፣ ወደ ከተማው የገባ ሰው መሣሪያውን እንዲያስረክብ ያዝ ነበርና፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በኦኬ ኮራል አጠገብ የተደረገው ዝነኛ የተኩስ ልውውጥ ከምክንያቶቹ አንዱ የዚህ ድንጋጌ መጣስ ነው። እንግዲህ በዛሬው ሜዳ ላይ መሣሪያ መቼ እንደሚጎርስ፣ ወዴት እንደሚዞር፣ የት እንደሚራገፍ የሚወስነው ጥብቅ ደንብ ለዘመኑ ባዕድ የሆነ ጭማሪ ነው የሚሉ ሰዎች፣ ዘመኑን ከፊልም እንጂ ከመዝገብ አላወቁትም።

ለግጥሚያው የሚያስፈልገው ትጥቅ አራት ነው፤ ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ ከምላጩ በታች ያለውን ማንሻ በመግፋትና በመመለስ የሚጎርስ አንድ ጠመንጃ፣ እንዲሁም የእርሳስ ፍሬ የሚበትን አንድ ሁለት አፍ፣ ወይም በሁለት አፉ ምትክ ዊንቸስተር በ1887 እና በ1897 ካወጣቸው ዓይነቶች አንዱ። ሽጉጡ በአብዛኛው በኮልት የ1873 ሥሪት፣ ጠመንጃውም በዚያው ዓመት በወጣው ዊንቸስተር አምሳል የተሠራ ነው፤ ፈረንሳዮች በ1874 ያወጡትና በአድዋ ዘመቻ በአባቶቻችን ትከሻ ላይ የነበረው ውጅግራ የእነዚህ የዘመን እኩያ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ደስ ያሰኛል። ዛሬ አብዛኛው ተወዳዳሪ የሚይዘው ግን ጥንታዊውን ሳይሆን፣ በኢጣልያ እንደ ኡቤርቲ ያሉ ፋብሪካዎች በጥንቱ አምሳል የሚሠሩትን ነው።

የዚህ ሽጉጥ ጠባይ የሕጉ ሁሉ መነሻ ነው። መዶሻው በአውራ ጣት ካልተሳበ በቀር ምላጩ ቢሳብ አይተኩስም፤ ይህ በአንድ ወገን ታላቅ መጠበቂያ ነው። በሌላው ወገን ግን በጥንቱ አሠራር ከመዶሻው ጋር የተያያዘችው መርፌ በቀጥታ በጎረሰው ጥይት መቀመጫ ላይ ታርፋለችና፣ ሽጉጡ ከእጅ ቢያመልጥና መዶሻው ድንጋይ ቢመታ ማንም ሳይተኩሰው ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ስድስት ጎራሹ በግጥሚያ ላይ አምስት ብቻ ይጎርሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተኳሹ ወደ ማጉረሻው ጠረጴዛ ይቀርብና አፈሙዙን ማንም ወደሌለበት ወደ አፈሩ ግንብ አቅንቶ የመዘውሩን የጎን በር ይከፍታል፤ በመጀመሪያው ቤት አንድ ጥይት ያጎርሳል፣ ቀጣዩን ባዶውን ያልፋል፣ በተከታዮቹ አራት ቤቶች አራት ያጎርሳል፤ ከዚህ በኋላ መዶሻውን እስከ መጨረሻው ስቦ በአውራ ጣቱ እንደ ያዘ በቀስታ ሲመልሰው፣ መዶሻው በባዶው ቤት ላይ ያርፋል። የጠረጴዛው ኃላፊ አጎንብሶ ከጎን እያየ ይህንኑ ያረጋግጣል። ጠመንጃውም በሆዱ ጥይት ይዞ አፉ ውስጥ ግን ምንም ሳይኖር፣ መዶሻውም ወርዶ ይቀመጣል፤ ሁለት አፉ ባዶውን ተከፍቶ ይቆያል፤ የሚጎርሰውም ሰዓቱ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ነው። ተኩሱ ሲያልቅ ሰውየው ወደ ማራገፊያው ጠረጴዛ ሄዶ፣ እያንዳንዱን ቤት በሌላ ሰው ፊት ያስፈትሻል። ከማጉረሻው ጠረጴዛ እስከ ማራገፊያው ባለው መንገድ ካልሆነ በቀር፣ በሜዳው የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ሁሉ ባዶ ነው።

ይህ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ሰው ካለ በ2021 በኒው ሜክሲኮ የሆነውን ያስታውስ። «ራስት» የተባለው የካውቦይ ፊልም ሲሠራ፣ በዚሁ በኮልት አምሳል የተሠራ ስድስት ጎራሽ፣ ሊኖር የማይገባው እውነተኛ ጥይት ጎርሶ ተገኘና የፊልም ቀራጯ ሃሊና ሃቺንስ ሞተች። በዚያ ቦታ የጎደለው፣ በግጥሚያው ሜዳ ለእያንዳንዱ ተኳሽ በእያንዳንዱ መድረክ ሳይሰለች የሚደገመው የማራገፊያና የምርመራ ሥርዓት ነበር።

ኩፐር ያስተማራቸው አራት ትእዛዛት፣ መሣሪያ ሁሉ እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዝህን ልታጠፋው ወደማትፈቅደው ነገር አታዙር፤ ዒላማህን ሳትይዝ ጣትህን በምላጭ ላይ አታኑር፤ ዒላማህንና ከዒላማህ በስተ ኋላ ያለውን ዕወቅ የሚሉት፣ በካውቦይ ተኩስም የእምነት አንቀጽ ያህል ናቸው። ነገር ግን ትእዛዝ በልቡና ብቻ ሲቀመጥ ይዘነጋል፤ የዚህ ስፖርት ሊቃውንት ያደረጉት ትልቅ ነገር ትእዛዙን በልክና በቁጥር መስፈራቸው ነው። ከተኳሹ ፊት ያለው ግማሽ ክብ 180 ዲግሪ ሲሆን፣ ለአፈሙዙ የተፈቀደለት ግን 170 ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ የቀረችው አምስት አምስት ዲግሪ፣ ሰው ከመነካቱ በፊት ስሕተት የሚታወቅባት አጥር ናት። ከተኳሹ ከ5 እስከ 10 ጫማ ባለው ርቀት ላይ ያረፈ ጥይት ከመድረኩ ያሳግዳል፤ ከ5 ጫማ ወዲህ ያረፈ ከግጥሚያው ሁሉ ያሳግዳል። ባዶ መሣሪያ ከእጁ የወደቀበት መድረኩን ያጣል፤ የጎረሰ የወደቀበት ግጥሚያውን ያጣል፤ ባዶ መሣሪያ በሰው ላይ ያዞረና የጎረሰ ያዞረም እንዲሁ በሁለት ይለያያሉ። በሁለት መድረክ የታገደ ሰው ከግጥሚያው ይሰናበታል። በሲኒማ የምናየው መዶሻውን በሌላው እጅ መዳፍ እየደጋገሙ እየመቱ መተኰስ ፈጽሞ ክልክል ነው። ቀኑ ሳያልቅ መጠጥ የቀመሰ ተወዳዳሪም ቦታ የለውም። ከእነዚህ በታች ያሉት ጥቃቅን ጥፋቶች 10 ሰከንድ ያስቀጣሉ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ቀኖና መልካምነቱ በሰው ችሎታ አለመታመኑ ነው። ሠላሳ ዓመት የተኰሰው ሽማግሌና ትናንት የተመዘገበው ወጣት በአንድ ጠረጴዛ ይፈተሻሉ፤ የመጀመሪያውም እንደ ንቀት አይቆጥረውም። ተወዳዳሪዎቹ በቡድን ተከፍለው፣ አንዱ ሲተኩስ ሌላው ያጎርሳል፣ ሌላው ያራግፋል፣ ሌላው ቀለህ ይለቅማል፣ ሦስቱ ደግሞ ከተለያየ ማዕዘን ቆመው የሳተውን ይቈጥራሉ። ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል፤ ጥርጣሬ ካለ ለተኳሹ ይፈረድለታል። ሰዓት ያዡ ከተኳሹ ክንድ ሳይርቅ ይከተለዋል፤ ሥራውም ከመቍጠር ይልቅ መጠበቅ ነውና፣ ዐይኑ ከዒላማው ይልቅ በመሣሪያው ላይ ነው።

ወደ መድረኩ አነዳደፍ ስንመጣ፣ ነዳፊው በወረቀት ላይ አጭር ታሪክ ይጽፋል፦ ባንክ ተዘረፈ፣ እስረኛ አመለጠ፣ በመጠጥ ቤት ጠብ ተነሣ። ከእንጨት የተሠራ የመጠጥ ቤት፣ የእስር ቤት መስኮት ወይም ሠረገላ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜም ተኳሹ 10 የሽጉጥ፣ 10 የጠመንጃና 4 ወይም ከዚያ የሚበልጥ የሁለት አፍ ጥይት ይተኩሳል። ዒላማዎቹን የሚመታበት ቅደም ተከተልም አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ለምሳሌ «ኔቫዳ» በሚባለው ስልት ሦስት ዒላማ ቢኖር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሄዶ ሁለት፣ አንድ ብሎ ይመለሳል። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው 10 ሰከንድ ይቀጣል፤ ዒላማውን የሳተ 5 ሰከንድ። ስመ ጥር ተኳሾች መድረኩን በሙሉ ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርሱት፣ አንዲት ጥይት መሳት ብርቱ ዋጋ ታስከፍላለች።

ጥሩ ነዳፊ ከታሪኩ አስቀድሞ የሚያስበው የተኳሹን ገላ ነው። ሰውየው ጠመንጃውን አስቀምጦ ወደ ግራ ሲሮጥ አፈሙዙ ወዴት ይዞራል? በጠባብ በር ሲያልፍ ሽጉጡን በግራ እጁ የሚያወጣ ሰው 170ውን ሳያፈርስ መዞር ይችላል? ጠረጴዛው አጭር ቢሆን ጠመንጃው ተንሸራቶ አይወድቅም? ተንበርክኮ መተኰስ ቢታዘዝ የ75 ዓመት ሽማግሌ እንዴት ይነሣል? ምድቦቹ 13 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑ ልጆች አንሥቶ 80 ዓመት የሞላቸውን ስለሚያቅፉ፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚተኩሱና ጢሱ ዒላማውን የሚሸፍነውን ጥቁር ባሩድ የሚጠቀሙም ስላሉ፣ ይህ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። ሕግ የሚያሰናክለው ተኳሽ በበዛበት መድረክ ላይ ጥፋቱ የተኳሾቹ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ወጥመዱን ያጠመደው ነዳፊው ነው። የማስታወስ ችሎታን የሚፈትን የተወሳሰበ ቅደም ተከተልም እንዲሁ፣ አእምሮን ከአፈሙዙ ላይ ስለሚያነሣ መወገድ አለበት።

ዒላማው ራሱ የጥንቃቄ መሣሪያ ነው። ለሽጉጥ ከ7 እስከ 10 ያርድ፣ ለሁለት አፍ ከ8 እስከ 16፣ ለጠመንጃ ከ13 እስከ 50 ያርድ ይመከራል። ብረቱ ልሙጥ እንጂ የተቦረቦረ መሆን የለበትም፤ ፊቱም ጥቂት ወደ ምድር ያዘነብላል፤ ይህም ጥይቱ ሲፈርስ ፍንጣሪው ወደ ሰው እንዳይመለስ ነው። ጥይቱ ያለ ሽፋን እርሳስ ሆኖ፣ ፍጥነቱ ለሽጉጥ በሰከንድ ከ1000 ጫማ፣ ለጠመንጃ ከ1400 ጫማ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ያም ሆኖ ፍንጣሪ ፈጽሞ አይጠፋምና፣ የዐይን መከላከያ ለተኳሹም ለተመልካቹም ግዴታ ነው። ከዚህ ስፖርት በተወለደው በፈረስ ላይ ተኩስ ግን ጥይት ፈጽሞ የለም፤ ፈረሰኛው በጥቁር ባሩድ ብቻ በተሞላ ቀለህ 10 ፊኛዎችን ያፈነዳል፤ የሳተው ፊኛም ሆነ የገለበጠው በርሜል 5 ሰከንድ ያስጨምርበታል።

በመጨረሻ ስለ ውጤት አቆጣጠር ያለው ክርክር ይቀራል። በአንደኛው መንገድ ተኳሾች በእያንዳንዱ መድረክ ያገኙት ደረጃ ይደመራል፤ በሌላው የመድረኮቹ ሁሉ ሰዓት ይደመራል። በደረጃ ሲቈጠር የሦስተኛ ሰው መልካም ወይም መጥፎ ቀን የሁለት ተፎካካሪዎችን ቅደም ተከተል ሊያገለብጥ ይችላል፤ መካከለኞቹ ተቀራርበው በሚገኙበትም ቦታ ግማሽ ሰከንድ ብዙ ደረጃ ታሳጣለች። እኔ ወደ ጠቅላላው ሰዓት አደላለሁ፤ ተወዳዳሪው ወረቀቱን አንብቦ ራሱን ሊያሰላ ይችላልና። ነገር ግን ሰዓቱ ሲደመር ረጅሙ መድረክ ከአጭሩ ይልቅ ይመዝናል፤ ስለዚህ ይህን አቆጣጠር የመረጠ ክበብ፣ የመድረኮቹን ርዝመት ቀድሞ እንዲያስተካክል ነዳፊውን ማዘዝ ይኖርበታል።