ስለ በትርና ስለ ተግሣጽ፤ ሕፃናትን ከግፍ ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ በምዕራፍ 13 በቁጥር 24 ስለ በትር ሲናገር፥ በትሩን ከልጁ ያራቀ አባት ልጁን እንደ ጠላው፥ የሚወድደው ግን ሊገሥጸው እንደሚተጋ ያስረዳል። ይህ ቃል በሀገራችን ሰው ሁሉ አፍ ያለ ነው። ዳዊት ያልደገመ፥ ወንጌል ያላነበበ ሰው እንኳ ልጁን በሚመታበት ጊዜ ይህን ጥቅስ አይረሳውም። መጽሐፍ ካዘዘው ከብዙው ነገር፥ ከጾሙ፥ ከምጽዋቱ፥ ድኻን ከመጐብኘቱ ተለይቶ ይህ አንዱ ብቻ ያለ ሰባኪ የሚጠበቅ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ቃሉ እንደሚገባ ሳይተረጐም ስለ ቀረ በስሙ ብዙ ሕፃን ቈስሏል። ስለዚህ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ምን ማለትም እንዳይደለ፥ መጽሐፍን ከመጽሐፍ እያስማማን እንመለከተዋለን።

በትር ያለው ምንድር ነው? በትር በመጽሐፍ ብዙ ወገን ነው። አንደኛ የእረኛ በትር ነው። ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 22 በሞት ጥላ መካከል ሲሄድ የእረኛው በትርና ምርኩዝ እንዳጽናኑት ይናገራል። ልብ በሉ፤ አጽናኑኝ አለ እንጂ አስፈራሩኝ አላለም። እረኛ በበትሩ ተኵላውን ይመታል፥ ወደ ገደል የቀረበችውን በግ ይመልሳል፥ በዘሌዋውያን 27 እንደ ተጻፈውም መንጋውን ከበትሩ በታች እያሳለፈ ይቈጥራል። የበጉን እግር ግን አይሰብርም፤ ቢሰብር ተሸክሞ የሚውለው ራሱ ነውና። አንድም በትረ መንግሥት ነው፤ ይህም ፍርድን ያመለክታል፥ ፍርድም ያለ ምርመራ አይሆንም። አንድም በዘኍልቍ 17 እንደ ተነገረው የነገድ ምልክት ነው፤ ከተሰበሰቡትም በትሮች የአሮን በትር ለምልማ፥ አብባ፥ አፍርታ ተገኘች። እኛ ካህናት በማኅሌት የምንደገፍባት መቋሚያም ከበትር ወገን ናት፤ የደከመውን ታቆማለች፥ ማንንም አትመታም።

እርግጥ ነው፥ የሚመታ በትርም አለ። በምሳሌ 23 በቁጥር 13 እና 14 ልጅ በበትር ቢመታ እንደማይሞት፥ ነፍሱም ከሲኦል እንደምትድን ተጽፏል። ይህን ሸሽገን ብናልፍ ትርጓሜያችን የሐሰት ይሆናል። ነገር ግን የንባቡ ፍጻሜ ወዴት እንደ ሆነ ይታይ፤ ፍጻሜው ማዳን ነው። እንግዲህ ዐይን የሚያጠፋ፥ አጥንት የሚሰብር፥ በበርበሬ ጢስ የሚያጥን፥ ልጁንም ከአባቱ ቤት የሚያስኰበልል ምት ከዚህ ቃል ጋር አንድነት የለውም። ዳግመኛም፥ እንደ ተጻፈ እፈጽማለሁ የሚል ሰው ዘዳግም 21ን ከቁጥር 18 እስከ 21 ያንብብ። በዚያ ለወላጆቹ የማይታዘዝ፥ ሆዳምና ሰካራም የሆነ ልጅ በደንጊያ ተወግሮ እንዲሞት ታዟል። ከክርስቲያን ወገን ይህን እፈጽማለሁ የሚል ማን ነው? ማንም የለም። ዐይን ስለ ዐይን የሚለውን ሕግ ጌታ በተራራ ላይ በማቴዎስ 5 ወደ ምሕረት እንዳደረሰው፥ ይህም በእርሱ ምሕረት የሚነበብ ነውና።

በዚያም በከባዱ ሕግ ውስጥ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። አባትና እናት ብቻቸውን አይፈርዱም፤ ልጁን ወደ ከተማው በር፥ ወደ ሽማግሎች ያመጡታል። የወላጅ ቍጣ በቤት ጨለማ ውስጥ እንዳይፈርድ፥ በሰው ፊት ቆሞ እንዲመረመር ነው። እንግዲህ በብሉይ ዘመን እንኳ ልጅ የወላጁ ገንዘብ አልነበረም፤ የከተማው ሁሉ አደራ ነበረ። የኛ ዘመን ሰው ግን ከጎረቤቱ ቤት የልጅ ጩኸት ሲሰማ፥ ልጁ የራሱ ነው፥ የሰው ገመና ነው ብሎ በሩን ይዘጋል።

ሰሎሞን በትርን ካነሣ በኋላ የሚወድድ አባት ያደርገዋል ያለው ነገር መገሠጽ ነው። አባቶቻችን የሰሎሞንን ምሳሌ ከሁለት ከፍለው፥ ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለውን ተግሣጽ ብለው ሰይመውታል። እንግዲህ ተግሣጽ በአንደበት ተነግሮ በጆሮ የሚገባ፥ በልብም የሚያድር ትምህርት ነው፤ የመጽሐፍ ስም ለመሆን የበቃው ስለዚህ ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም፥ በትርን ፈጽሞ ባይክድም፥ አባት ዘወትር እንዳይመታ ይመክራል፤ ምት የለመደ ልጅ ምትን ይንቃልና። የሕፃኑንም ነፍስ በከተማ ይመስላታል፤ ዐይንን፥ ጆሮን፥ ሌሎቹንም ሕዋሳት በሮቿ ያደርጋቸዋል። የከተማ በር በዘበኛ ይጠበቃል እንጂ አይፈርስም። ይህን የምጽፍ እኔም በልምጭ ከተማሩት ወገን ነኝ፤ ከልምጩ የቀረልኝ ፍርሃቱ ነው፥ ንባቡ ግን የቀረልኝ አንዲቱን ቃል ሰባት ጊዜ ሳይሰለቹ ከነገሩኝ መምህር ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ በምዕራፍ 6 ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ፊቱን ወደ አባቶች ይመልሳል፤ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡም ያዝዛል። በቈላስይስ 3 በቁጥር 21 ምክንያቱን ይጨምራል፤ ይኸውም ልጆቹ ልባቸው እንዳይዝል ነው። ለልጅ የታዘዘውን በቃሉ የያዘ አባት ብዙ ነው፤ ለራሱ የታዘዘውን የያዘ ግን ጥቂት ነው። የልብ መዛል ምን እንደሚመስል በዱላ ያደገ ልጅ ካለበት ቤት የገባ ካህን ያውቀዋል። አባቱ ሲገባ ልጁ ጨዋታውን ያቋርጣል፤ ስሙ ሲጠራ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ጥፋቱን ከመናገር ይልቅ መዋሸትን ይማራል። ሰዎች ጨዋ ልጅ ነው ይሉታል። ጨዋነት አይደለም፥ መሸሸግ ነው። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓምም ሕዝቡን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ ብሎ ባስፈራራ ጊዜ ዐሥሩ ነገድ ትቶት ሄደ።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የካህኑን የዔሊን ነገር ያነሣሉ፤ ልጆቹን ባለመምታቱ ተቀሠፈ ይላሉ። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊን ምዕራፍ 2ንና 3ን አቅንቶ ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አፍኒንና ፊንሐስ ሕፃናት አልነበሩም፤ የክህነት ሥራ የያዙ ጐልማሶች ነበሩ። የሕዝቡን መሥዋዕት በግድ ይወስዱ ነበር፤ በድንኳኑ ደጃፍ በሚያገለግሉትም ሴቶች ላይ ይባልጉ ነበር። ዔሊ ይህን ሰምቶ በቃል ወቀሳቸው፤ ከሥራቸው ግን አልከለከላቸውም። የተፈረደበትም እያወቀ ስላልከለከለ ነው። እንግዲህ የዔሊ ታሪክ የሚመሰክረው ባልመታው አባት ላይ አይደለም፤ በቤቱ የሚሠራውን ግፍ እያወቀ ግፈኛውን ከሥፍራው ባላነሣው ሹም ላይ ነው። ይህም ከሁሉ አስቀድሞ እኛን ካህናቱንና መምህራኑን ይነካል።

በዚያው ቤት ሳሙኤል የሚባል ሕፃን ነበረ። በሌሊት የሰማውን ለዔሊ ለመናገር እንደ ፈራ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ዔሊ በዚህ አንድ ነገር መልካም አደረገ፤ ልጁን ጠርቶ ምንም እንዳይሸሽገው ለመነው፤ የተነገረውም በገዛ ራሱ ላይ ሲሆን አልተቈጣም፥ ሐሰተኛ ብሎም አልገፋውም። ሕፃን የደረሰበትን ክፉ ነገር በሚናገርበት ጊዜ ታላላቆች ሊይዙት የሚገባው ሥርዓት ይህ ነው። በኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ገና ሳይጨርስ፥ ዝም በል፥ የሰው ስም ታጠፋለህ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

የንስሐ አባቶችም ይህን ይለዩ። ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝ ካህኑ ምሥጢሩን ይጠብቃል። በደል የደረሰበት ሕፃን መከራውን ሲነግረው ግን ኃጢአቱን መናዘዙ አይደለም፤ ኃጢአት የሠራው ሌላው ነውና። ስለዚህ ካህኑ ቀኖና አይስጠው፥ ይቅር በል ብሎም አያቻኵለው። አንተ አልበደልህም ይበለው፤ ልጁንም ያለ ጥፋቱ ለሌላ ቍጣ እንዳይዳርገው አስቦ ወደሚያድነው ሰው ያድርሰው። የግብረ ሥጋ ግፍ የደረሰበት ልጅ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት መድረሱ ለነገ አይባልም፤ በደም የሚተላለፈውን የኤች አይ ቪ በሽታ የሚከላከለው መድኃኒት የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና። ጠበል መጠመቁ መልካም ነው፤ ወደ ሐኪም መሄዱን ግን አያስቀረውም።

ስለ ሽምግልናም ልናገር። ሽምግልና የተባረከ ሥራ ነው፤ ደም ያደርቃል፥ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ነገር ግን ሕፃን በተደፈረ ጊዜ ሽማግሎች ተሰብስበው ካሣ ቈርጠው፥ ወይም ልጅቱን ለደፈራት ሰው ድረው ነገሩን ቢያበርዱት፥ ያልተበደሉት ስለ ተበደለችው ይቅር ማለታቸው ነው፤ ይህንንም ሥልጣን ማንም አልሰጣቸውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የጸናው ሕግ ግን ይህን አስቀርቶታል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለውም የቤተ ሰብ ሕግ ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ቤት አካላቸውን ከሚጐዳ ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉ ለወላጅ የተመጠነ ተግሣጽ ይተውለታል እንጂ በልጅ ላይ መጨከንን ይቀጣል። እንግዲህ የምድር ሕግ እዚህ ከደረሰ፥ የወንጌል ልጅ ከኋላ ቀርቶ መገኘቱ የሚያሳፍር ነው።

ጌታ ተቈጣ ተብሎ በወንጌል የተጻፈበት ቦታ ጥቂት ነው። ከእነዚያ አንዱ ማርቆስ 10 ነው፤ የተቈጣውም ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይቀርቡ በከለከሉት በደቀ መዛሙርቱ ላይ ነው። ሕፃናቱን ግን አቅፎ ባረካቸው። በማቴዎስ 18 ደግሞ ሕፃኑን በመካከላቸው አቆመው። በመካከል ማለት ምንድር ነው? ሁሉ እንዲያየው ነው፤ አንድም ሁሉ በዙሪያው እንዲቆም ነው። ከዚያም ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ምን እንደሚጠብቀው ስለ ወፍጮው ደንጊያ ተናገረ፤ ስለ ጠፋችውም በግ የተናገረው በዚያው ቦታ ነው። ትርጓሜውን የሚሰማ ሰው ታናናሽ ያለው በእምነት ትሑታን የሆኑትን ነው ይላል። እውነት ነው፥ ነገር ግን በመካከል የቆመው በዕድሜው ሕፃን የሆነ ልጅ እንደ ነበረ አይዘንጋ።

በዙሪያው የሚቆሙት እነማን ናቸው? ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ሕፃኑን ተቀብሎ ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳል። ይህ ዝምድና በብዙ ቦታ ከድግሱ ቀን አያልፍም። የኔታ አሉ፤ ከእናቱ ተለይቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ ከውሻ እየተሟገተ ቍራሽ የሚለምን የቆሎ ተማሪ ከእርሳቸው በቀር አባት የለውም። ላስተምራት ብሎ ከገጠር ያመጣትን የዘመድ ልጅ ሌሊት አስነሥቶ የሚያሠራ፥ ብርጭቆ ብትሰብር የሚገርፍ ቤት አለ፤ ጎረቤቱም ያውቃል። የጽዋ ማኅበር አለ፤ እድር አለ። ሞት ሲሰማ ድንኳን የሚተክል እድር ልጅ በሕይወት ሳለ ሲሠቃይ ዝም ሊል አይገባውም።

በየደብሩ የተጠመቁት ሕፃናት ስም፥ ከክርስትና አባትና እናታቸው ስም ጋር በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የሰበካው ካህናት ያን መዝገብ በዓመት አንድ ጊዜ አውጥተው ይመልከቱት። የትኛው ልጅ ትምህርቱን አቋርጧል? የትኛዋ ልጅ ወደ ከተማ ተልካለች፥ ማንስ ዘንድ ናት? የክርስትና እናቷ ካየቻት ስንት ጊዜ ሆነ? ስሟ ተጠርቶ ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ከታጣ፥ ካህኑ በዚያው ሳምንት ወላጆቿ ቤት ሄዶ ይጠይቅ።