ዲሹ ወደ ምዕራብ ወይስ ወደ ምሥራቅ? የዓረብኛ ቴሌቪዥንና የክልላችን ቤተሰቦች

ካማሺ፦ በአሶሳ ዞን ለሱዳን ድንበር ቅርብ በሆኑ ወረዳዎች የሚኖሩ ብዙ የበርታ ቤተሰቦች ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጎን ለጎን የሱዳን ዓረብኛ ይናገራሉ። በእነዚህ ቤቶች የዓረብኛ ጣቢያ እንደ ባዕድ አይቆጠርም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱን ሸሽተው በኩርሙክ በኩል ለገቡ ሱዳናውያን ደግሞ የዓረብኛ ዜና ከኋላ ስለቀሩት ዘመዶቻቸው አካባቢ ወሬ የሚያገኙበት መንገድ ነው።

ሆኖም ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የአቅጣጫም ነው። ብዙ የዓረብኛ ጣቢያዎች የሚሠራጩበት ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ይገኛል፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት ግን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። በእኛ አካባቢ ናይልሳትን የሚቀበል ዲሽ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ኢትዮሳትን የሚቀበለው ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂትም ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ቀና ይላል። ርቀታቸው ሰፊ በመሆኑ በአንድ ተራ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ በማሰር ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ሁለት ዲሽ በማቀያየሪያ ከአንድ ሪሲቨር ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ አንድ ብቻ ያለው ቤተሰብ ግን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ቀድሞ ይህ ምርጫ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ሥርጭት የጀመረው ቃና በዚያው በምዕራቡ አቅጣጫ ይታይ ስለነበር፣ ኤምቢሲ 2 ላይ ፊልም የሚከታተል ወጣትና ድራማ የምትወድ እናቱ በአንድ ዲሽ ይስማሙ ነበር።

ዛሬ ዲሹ ወደ ምዕራብ ከቀረ አርሶ አደሩ በአገር ውስጥ ቋንቋ የሚቀርበውን የዝናብ ትንበያ ያጣል። ወደ ምሥራቅ ከዞረ ደግሞ ዓረብኛ ብቻ የሚሰሙ አያት ከዜናው ይገለላሉ። በፈረንሳይ የሚኖሩ የሰሜን አፍሪካ ቤተሰቦችም ዲሽ በመስኮታቸው በሰቀሉ ጊዜ ከኅብረተሰቡ ይርቃሉ የሚል ስጋት ተነሥቶባቸው ነበር። በእኔ እይታ ያ ስጋት የተጋነነ ነው፤ ሰው በሁለት ቋንቋ ዜና ቢሰማ የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚጎዳው ከሁለቱ አንዱን ለመተው ሲገደድ ነው።

ዲሹን ለማዞር የወሰነ ቤተሰብ አስቀድሞ የነበረበትን ቦታ በምሰሶው ላይ በቀለም ምልክት ቢያደርግበት፣ መልሶ ለማዞር ሲፈልግ ብዙ አይደክምም። ኤልኤንቢውንም በመያዣው ውስጥ ማዞር እንደሚያስፈልግ አይዘንጋ።