በደጋ ብርድ በአውቶሞቢል ውስጥ ስለ ማደር



የመንግሥት ሠራተኛ ለመስክ ሥራ ወይም በዕረፍቱ ቀን አገሩን ለማየት ከከተማ በወጣ ጊዜ፣ መሽቶበት ወይም መንገድ ተበላሽቶበት በአውቶሞቢሉ ውስጥ ለማደር ሊገደድ ይችላል። ዛሬ ዛሬም ከአስፋልት ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ መንዳትንና በተራራ ላይ ማደርን እንደ ስፖርት የያዙት ሰዎች አሉ። ነገሩ ደስ የሚያሰኝ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ዕውቀት ካልተጨመረበት ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳልና፣ ወላይታን ምሳሌ አድርገን ጥቂት እንመልከት።

የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ተዳፋት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የተራራው ጫፍ ግን ወደ 2,900 ሜትር ይደርሳል። በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ የወረዱ እንደ ሆነ ደግሞ ከፍታው ከ1,200 ሜትር አይበልጥም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሐይቁና በተራራው ጫፍ መካከል 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቀን በቆላው በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ በዳሞታ ላይ ካፖርት ይሻል። ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ ብርዱም የሚበረታው ሊነጋ ሲል ነው።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ እንዲህ ባለው ስፍራ ደህና አድርጎ የለበሰን ሰው ብርዱ አይገድለውም፤ ብርዱን ለማባረር ወደ መኪና የገባው የከሰል ምድጃ ግን ይገድለዋል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን 200 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ደሙ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ እርሱ ግን የመንገድ ድካም ይመስለዋል። እንቅልፍ የወሰደው እንደ ሆነ ምልክቱን እንኳ ሳያውቀው ይሞታል። ሞተር አስነሥቶ መተኛትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ይህ ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ይገባልና፣ ከበታች ወፍራም ፍራሽ ወይም ሰሌን፣ ከላይ ጋቢ ወይም ቡልኮ ማድረግ ነው። በላብ ወይም በዝናብ የረጠበ ልብስ ሙቀት ስለሚያሳጣ ከመተኛት በፊት በደረቅ መለወጥ ይገባል። መስኮቱንም ከሁለት ወገን አንድ ጣት ያህል ከፍቶ ማደር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የእስትንፋስ እንፋሎት በመስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ መኝታውን ያረጥበዋል።

ስለ አነዳዱም ጥቂት እንጨምር። የወላይታ ቀይ አፈር ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዳገት የሚወጣ ሰው ማርሹን ከግርጌው አስቀድሞ ይምረጥ። ቁልቁለት ሲወርድ በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝለት ያድርግ እንጂ ፍሪሲዮን ረግጦ በፍሬን ብቻ አይመካ። ጎማ ጭቃ ውስጥ በሰጠመ ጊዜ ነዳጅ እየሰጡ ማሽከርከር ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር አይረዳም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። ከጎማው ጥቂት አየር ቀንሶ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ነስንሶ፣ ቀስ ብሎ መውጣት ይሻላል፤ አስፋልት ላይ ከመፍጠን በፊት ግን አየሩን መመለስ ግድ ነው። እንደ ብላቴ ያለ ወንዝም በላዩ አገር በዘነበው ዝናብ፣ በታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊሞላ ይችላልና፣ በወንዝ ዳር አይታደርም።

ከቁልቁለታማ ገደል ሥር ማደርም እንደዚሁ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። ዝናብ የጠገበ ተራራ አንድ ጊዜ ብቻ ይናዳል ብሎ መታመን እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን።

በመጨረሻም፣ ወላይታ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት አገር ነው፤ ባዶ የሚመስለው መስክ ባለቤት አለው። በእንሰትና በእርከን ላይ መንዳት የሰው ጉልበት ማጥፋት ነው። ከመምሸቱ በፊት የአገሩን ገበሬ ሰላም ብሎ፣ ማደሪያ አስፈቅዶ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያልፍና የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ የሚጠይቅ መንገደኛ፣ ካርታ የማይነግረውን ይሰማል፤ በደህናም ወደ ቤቱ ይመለሳል።