ከጆሮ ወደ ጆሮ

አይራ ግላስ በአሜሪካ የሬዲዮ ዓለም ድምፁ ሲሰማ ስሙ የሚጠራለት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባልደረቦቹ «ሲሪያል» የሚባል አዲስ ፖድካስት ለመጀመር ሽር ጉድ ሲሉ፣ እሱ ከአንዲት አዛውንት ጎረቤቱ ጋር ሆኖ አጭር ቪዲዮ ሠራ። ቪዲዮው የሚያስተምረው ፖድካስት ማለት ምን እንደሆነና ምኑ ተነክቶ እንደሚከፈት ነው። ይኸው ነው። አዲስ ዝግጅት ሊያስተዋውቅ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ያሳየው በሩ የት እንዳለ ነበር።

አድማጭ ያጣ አዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ማይክ ይቀይራል፣ ሎጎ ያሠራል፣ የመግቢያ ሙዚቃውን ያስለውጣል። እንግዳ ቤቱ ያልመጣው ሶፋው ስላላማረ ይመስለዋል፤ መንገዱን የነገረው ሰው እንደሌለ አያስብም።

ሲሪያል በር ከማሳየት በላይም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በባልቲሞር የተገደለችን ተማሪ ጉዳይ ሳራ ኬኒግ በተከታታይ የተረከችበት ይህ ፖድካስት፣ የመጀመሪያ ክፍሉን ለብቻው አውጥቶ «ስሙልኝ» አላለም። ክፍሉ በኦክቶበር 2014 መጀመሪያ «ዚስ አሜሪካን ላይፍ» በተባለው፣ ከ500 በላይ ጣቢያዎች በሚያስተላልፉት የግላስ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሙሉውን ተላለፈ። ቀጣዩን መስማት ያማረው ወደ ፖድካስቱ መሄድ ነበረበት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አፕል ሲሪያል በአይቲዩንስ 5 ሚሊዮን ጊዜ በመውረድና በመደመጥ ከፖድካስቶች ሁሉ ፈጣኑ መሆኑን አስታወቀ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሆነው ዝግጅቱ ጥሩ ስለነበር አይደለም? ጥሩ መሆኑንማ ማን ይክዳል። ግን «ጥሩ ነገር ራሱ ይታወቃል» የሚለውን አባባል ሦስት ተመራማሪዎች በሙከራ ፈትነውታል፤ ውጤቱም ለአዘጋጅ የሚያጽናናም የሚያስደነግጥም ነው።

ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ ሙከራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ነው። ሕዝብ ከማያውቃቸው ባንዶች 48 ዘፈኖች ሰበሰቡ። ከዚያ 14,341 ሰዎች በኢንተርኔት እየገቡ ዘፈኖቹን እንዲሰሙ፣ ነጥብ እንዲሰጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ አደረጉ። ብልሃቱ ያለው ሰዎቹን በመከፋፈሉ ላይ ነው። አንዱ ቡድን የዘፈኖቹን ዝርዝር ብቻ ያያል፤ ሌሎች ሰዎች ምን እንደወደዱ አያውቅም። የቀሩት በስምንት «ዓለማት» ተመድበው፣ በየዓለማቸው ከእነሱ ቀድመው የገቡ ሰዎች እያንዳንዱን ዘፈን ስንት ጊዜ እንዳወረዱት ያያሉ። ስምንቱም ዓለማት ከዜሮ ጀመሩ፤ ዘፈኖቹም ያው ናቸው።

ወሳኙ ጥሩነት ብቻ ቢሆን ስምንቱም ዓለማት አንድ ዓይነት ደረጃ ባወጡ ነበር። አላወጡም። «ሎክዳውን» የሚል ርዕስ ያለው አንድ ዘፈን ሰዎች እርስ በርስ ሳይተያዩ ሲመርጡ ከ48ቱ 26ኛ ነበር፤ መካከለኛ ማለት ነው። ከስምንቱ በአንደኛው ዓለም ግን 1ኛ ወጣ፣ በሌላው 40ኛ። መጀመሪያ የገቡት ጥቂት ሰዎች ወደ አንዱ ካዘነበሉ፣ ተከታዮቹ ቁጥሩን አይተው ወደዚያው ይሄዳሉ። ሮበርት ሜርተን የተባለው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ይህንን ላለው የመጨመር ዝንባሌ ከወንጌሉ ስም ተውሶ «የማቴዎስ ውጤት» ብሎታል።

የሚያጽናናው ይኸውላችሁ፦ እጅግ ጥሩ የሆኑት ዘፈኖች ታች የወደቁበት ዓለም ብርቅ ነው፤ እጅግ ደካሞቹም ላይ የወጡት ከስንት አንዴ ነው። ዕድል እንደልቡ የሚጫወተው መሀል ላይ ባለው ሰፊ ሜዳ ነው፤ አብዛኞቻችን ደግሞ እዚያው ነን። ስለዚህ ዝግጅቱ ጥሩ ሆኖ 200 ሰው ብቻ የሚሰማው አዘጋጅ የግድ ደካማ ሠራተኛ አይደለም። ባልቀናው ዓለም ውስጥ ያለ ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው ቁጥሩን ገዝቼ ልጀምር» የሚል መኖሩ አይቀርም፤ ተከታይ መሸጥ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ሞልተዋል። እነ ሳልጋኒክ ይህንንም ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የዘፈኖቹን ደረጃ ገልብጠው የመጨረሻውን መጀመሪያ አስመስለው አሳዩ። ውሸቱ ለብዙዎቹ ዘፈኖች ሠራ። ነገር ግን የምር ምርጥ የነበሩት ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመሩ፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በአጠቃላይ የሚወርደው የዘፈን ብዛት ቀነሰ። ቁጥሩን አምኖ መጥፎ ዘፈን የሰማ ሰው ሌላውንም ሳይሞክር ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰዎች ከየት እናምጣቸው? ብዙ ጊዜ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ሊንኩ በአዘጋጁ ቤተሰብና አብሮ አደጎች የቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፋል። «በርታ ወንድሜ»፣ ሁለት ልብ፣ አንድ የጭብጨባ ስዕል። በማግስቱ ጸጥ። ሰዎቹ ጠልተውት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ግራኖቬተር ስለ ላላ ትውውቅ ጉልበት የጻፈው ጥናት ምክንያቱን ይነግረናል። በማሳቹሴትስ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን «ያንን ሰው ምን ያህል ታገኘው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያገኙት ሰው የጠቆማቸው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጆቻችን እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ወሬው እዚያው ይሽከረከራል። ወደማናውቀው ሠፈር የሚያሻግረን ዓመት በዓል ሲመጣ ብቻ የምንደውልለት ሰው ነው።

ይህ በተለይ ለአማርኛ ፖድካስት ትልቅ ነገር ነው። አድማጩ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ ተበትኗል። ዋሽንግተን ላይ ሲያሽከረክር የሚውለውና ሪያድ ላይ ወጥ እያማሰለች የምትሰማው ግሩፓቸው አንድ አይደለም። ሁለቱ ግን ጆሯቸው ሥራ ፈትቶ እጃቸው የተያዘባቸው ሰዓታት አሏቸው፤ ድምፅ ከቪዲዮ የሚበልጥበት ሰዓት ደግሞ ያ ነው። (እኛ ዘንድ ፖድካስት ሲባል ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ትልልቅ ማይክና ጀርባ ላይ የሚበራ የኒዮን ጽሑፍ የሚታየን ዩቲዩብ ስላስለመደን ነው። ቅሬታ የለኝም፤ ዩቲዩብ በ2025 መጀመሪያ በወር ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ፖድካስት እንደሚከታተልበት ተናግሯል። ግን ምስሉ ባይኖር የማይገባ ዝግጅት ለሹፌሩ አይሆነውም።)

ከሁሉ የሚያዋጣው ድልድይ በኔ ግምት ያው ሲሪያል የተሻገረበት ነው፦ የሌላ ሰው ዝግጅት። ቲክቶክ ላይ በአውራ ጣቱ የሚያሳልፈውን ሰው አስቁሞ የአንድ ሰዓት ወሬ እንዲያዳምጥ ከማሳመን፣ አሁን ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካውን ሰው «ደግሞ ይህንንም ስማ» ማለት ይቀላል። ያን ሰው ፖድካስት እንዴት እንደሚከፈት ማስተማርም አያስፈልግም። ሌላው ምክንያት እምነት ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል እ.ኤ.አ. በ1956 እንደጻፉት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው አቅራቢውን እንደሚያውቀው ወዳጅ ይቆጥረዋል፤ አቅራቢው ግን ሰውየው መኖሩንም አያውቅም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ትውልድ ይህን ከጥናት መማር አያሻውም። ዛሬም መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ «ይህን ስሙ» ሲል ነገሩ ከማስታወቂያ ይልቅ ለወዳጅ ምክር ይቀርባል። ስለዚህ በይዘት የሚቀራረቡ ሁለት አዘጋጆች አንዱ የሌላውን ሙሉ ክፍል በራሱ መስመር ላይ ቢያወጣ፣ የትኛውም ፖስተር የማያመጣውን ያመጣል። ተፎካካሪ እንሆናለን ብለው የሚፈሩ አሉ። በሬዲዮ ዘመን ያስኬድ ነበር፤ ሁለት ጣቢያ በአንድ ሰዓት አይደመጥማ። ፖድካስት ግን ሰዓት የለውም።

ፈልጎ የሚመጣም አድማጭ አለ፤ እሱን ብዙ ጊዜ የምናጣው በፊደል ነው። ጽሑፍን ዓይን በጨረፍታ ያየዋል፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሳይሰሙ ማወቅ አይቻልም። ፈላጊውም የፍለጋ ማሽኑም የሚይዙት እጀታ ርዕሱና መግለጫው ነው። አፕል በ2024 የክፍሎችን ንግግር በጽሑፍ የሚያሳይ አገልግሎት ወደ ፖድካስት መተግበሪያው ሲያስገባ የጀመረው በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው፤ አማርኛ አልነበረበትም።

አሁን እንግዳችሁ ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት ናት እንበል። «ዓ»ን በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ መጻፍ ይቻላል፤ አራት። «ፀ» በጸም ይጻፋል፤ ሁለት። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ሲባዙ 48። (የእነ ሳልጋኒክ ዘፈኖችም 48 ነበሩ፤ ግጥምጥሞሽ ነው።) ለእኛ አርባ ስምንቱም አንድ ስም ነው። ለማሽኑ ግን ሀ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ይህን የሚያስታርቅ የፍለጋ ሥርዓት ሊኖር ይችላል፤ የማያስታርቅ ከሆነ «ጸሃይ» ብሎ የጻፈ ፈላጊ «ፀሐይ»ን ሳያገኝ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ርዕሱን በትክክለኛው ፊደል ጽፎ፣ መግለጫው ውስጥ ሰው በስልኩ የሚተይባቸውን አጻጻፎች፣ የላቲኑንም ጨምሮ፣ ማስገባት። የፊደል ሊቃውንት ይቅር ይበሉን።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዳውንሎድ ማለት አድማጭ ማለት አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 የአይፎን 17ኛው የአይኦኤስ እትም ሲወጣ፣ የአፕል መተግበሪያ ቆይቶ ለተመለሰ ሰው ያለፉትን ክፍሎች ሁሉ በራሱ ማውረድ ተወ። ብዙ የታወቁ ዝግጅቶች ቁጥራቸው በወራት ውስጥ አሽቆለቆለ። ይህ ግን አድማጭ ሄደ ማለት አልነበረም፤ የቀረው ማንም ሳይሰማው ስልክ ውስጥ ይከማች የነበረው ፋይል ነው።

አዘጋጅም ሁኑ አድማጭ፣ የምትወዱት አንድ ክፍል ካለ ከስንት አንዴ የምታገኙትን አንድ ሰው አስቡ። ሊንክ አትላኩለት። ስትገናኙ ስልኩን ተቀበሉት፣ ዝግጅቱን ፈልጉለት፣ ዋይፋይ ካለ አንዱን ክፍል አውርዱለትና «ከ12ኛው ደቂቃ ጀምር» ብላችሁ መልሱለት።