ቁርጥማትን በሚሊሜትር

አዲስ አበባና ቁርጥማት የቆየ ትውውቅ አላቸው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩትና ለከተማዋ ስም ያወጡላት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት ፍልውሃ ከዚያ ወዲህ ወገቡንና ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ሲመላለስበት ኖሯል። ሙቅ ውሃ ሕመምን ያባብላል፤ ይህን አላስተባብልም። በአንጓው ውስጥ ያለው ብግነት ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ግን ታጥቦ ማወቅ አይቻልም። ይህን ለመገመት ሐኪሞች ሁለት የደም ምርመራዎችን ያዛሉ፦ ኢ.ኤስ.አር. እና ሲ.አር.ፒ.። በማዘዣ ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ቁርጥማት እንደምናወራ እንለይ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ የጣቶችን መገጣጠሚያና የእጅ አንጓን በግራም በቀኝም ይይዛል፤ ጠዋት እጅ ተሳስሮ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ አልፈታ ይላል፤ ጀበና አንስቶ መቅዳት እንኳ ጭንቅ ይሆናል። እኛ ግን ይህንንም፣ ከዩሪክ አሲድ የሚመጣውንም፣ ዕድሜ ያመጣውን የጉልበት መበላትም “ሪህ ነው” ብለን በአንድ ላይ እናልፋለን። ለዚህም ይሆናል ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ሰው ብዙ ጊዜ ዩሪክ አሲድ፣ ኤ.ኤስ.ኦ.፣ ሩማቶይድ ፋክተርና ኢ.ኤስ.አር. በአንድ ጥቅል ታዞለት የሚመጣው።

ከነዚህ ሁሉ ያረጀውና ርካሹ ኢ.ኤስ.አር. ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም እንዳይረጋ ከሶዲየም ሲትሬት ጋር ይቀላቀላል፤ አራት እጅ ደም፣ አንድ እጅ ሲትሬት። ከዚያም 30 ሴንቲሜትር በሚረዝም፣ ውስጡ ከ3 ሚሊሜትር በሚጠብ ቱቦ እስከ ዜሮው መስመር ይሞላና በማቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለሙያው ሰዓቱን መዝግቦ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ተመልሶ፣ ቀዩ ወደ ታች ዘቅጦ ከላይ የጠራው ቢጫ ፈሳሽ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ያነብባል። 12 ከሆነ 12፣ 85 ከሆነ 85 ብሎ ይጽፋል። ምርመራው ይኸው ነው።

ቀይ የደም ሴሎች በላያቸው ላይ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ብግነት ሲኖር ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል፤ ይህም መገፋፋቱን ያዳክመዋል። ሴሎቹ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ይደራረቡና ከብደው ቶሎ ይወርዳሉ። ነገሩን ፖላንዳዊው ሐኪም ኤድመንድ ቢየርናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1897 ጻፈው፤ ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዩስ በ1918 ደገመው፤ ዛሬም የምንጠቀምበትን የአሠራር መልክ ያስያዘው ሌላው ስዊድናዊ አልፍ ቬስተርግሬን በ1921 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ የማይቆም ምርመራ በሕክምና ዓለም ብዙ የለም።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነው። ቱቦው በሦስት ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ውጤቱ እስከ 30 በመቶ ሊያሻቅብ ይችላል። ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ቢቆም፣ ወይም አጠገቡ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ቢኖር ደሙ ይፈጥናል። ቱቦው በትክክል ቢቆምም የደም ማነስ ያለባት ሴት ቁጥሯ ይጨምራል፤ ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። ቲቢ ያለበት ሰው ከማንም በላይ ሊኖረው ይችላል። ዕድሜም ይገፋዋል፦ በተለመደው ስሌት ለወንድ ዕድሜውን ለሁለት ማካፈል፣ ለሴት ደግሞ አሥር ደምሮ ለሁለት ማካፈል የላይኛውን ወሰን ይሰጣል። የ60 ዓመት እናት ኢ.ኤስ.አር. 33 ቢወጣ “ከፍ ብሏል” ብሎ ማስደንገጥ አይገባም፤ ወሰኗ 35 ነው።

ሲ.አር.ፒ. ፈጠን ያለ ነው። ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርክ የሳንባ ምች በሽተኞችን ደም ሲመረምሩ ያገኙት ፕሮቲን ነው። ይህንንም የሚሠራው ጉበት ነው። ብግነት ከተነሣ በሰዓታት ውስጥ መውጣት ይጀምራል፤ በሁለት ቀን ገደማ ጫፍ ይደርሳል። መነሻው ሲወገድ በየ19 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ፋይብሪኖጅን ግን ለቀናት በደም ውስጥ ስለሚቆይ ኢ.ኤስ.አር. ሳምንታት ወደ ኋላ ሊጎተት ይችላል። ሕመምተኛዋ “ተሽሎኛል” ስትል፣ ሲ.አር.ፒ. ወርዶ ኢ.ኤስ.አር. ገና ከፍ ብሎ ቢገኝ ሁለቱም አልዋሹም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። አንዳንድ ላቦራቶሪ ሲ.አር.ፒ.ን በስላይድ ላይ ከላቴክስ ጋር ቀላቅሎ “ፖዘቲቭ” ወይም “ነጋቲቭ” ብቻ ብሎ ይመልሳል። ለክትትል ይህ እምብዛም አይረባም። ከ80 ወደ 20 የወረደች ሴት በሁለቱም ጊዜ “ፖዘቲቭ” ናት፤ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግራት የለም። ቁጥር ይጠየቅ። ቁጥር ሲሰጥም መለኪያው ይታይ፦ በሊትር የተጻፈ 30 ሚሊግራም በዴሲሊትር 3 ነው፤ ላቦራቶሪ የቀየረ ሰው በዚህ ተሳስቶ ዳንኩ ወይም ባሰብኝ ሊል ይችላል።

ሩማቶይድ ፋክተርና አንቲ-ሲ.ሲ.ፒ. የሚባሉት ሌላ ሥራ አላቸው፤ በሽታውን ለመለየት ያግዛሉ እንጂ የዕለቱን የብግነት መጠን አይለኩም። ፋክተሩ በቲቢም፣ በጉበት ቫይረስም፣ በካላዛርም፣ በጤነኛ ሽማግሌም ሊገኝ ይችላል። ሲ.ሲ.ፒ.ው የበለጠ ይታመናል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ኤ.ኤስ.ኦ. ደግሞ የጉሮሮ ባክቴሪያን ምልክት እንጂ ሩማቶይድን አያሳይም፤ እሱ ከፍ በማለቱ ብቻ በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት ለሩማቶይድ የሚያደርገው ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ባወጡት መመዘኛ በሽታው ሩማቶይድ ለመባል ከ10 ነጥብ 6 ያስፈልጋል። ኢ.ኤስ.አር. ወይም ሲ.አር.ፒ. ከፍ ማለቱ የሚያስገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ያበጡት መገጣጠሚያዎች ግን እስከ አምስት ያስገኛሉ። በክትትል ጊዜም ሐኪሙ 28 መገጣጠሚያዎችን በጣቱ እየተጫነ ያበጠውንና የሚያመውን ይቆጥራል፤ ሕመምተኛው ስለ ራሱ የሚሰጠውን ግምትና የደሙን ቁጥር ጨምሮ ያሰላል። ውጤቱ ከ2.6 በታች ሲሆን በሽታው ተኝቷል፣ ከ5.1 ሲያልፍ በርትቷል ይባላል። እጃቸው አብጦ ደማቸው ምንም የማያሳይ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። “ላቦራቶሪው ነጻ ነው” ተብሎ ያበጠ እጅ ይዞ ወደ ቤት መላክ፣ ለእኔ፣ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። መገጣጠሚያ የሚበላው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነውና።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻ ሰፈሮች ሄዷል። ሰው ሰፈር ሲቀይር ክሊኒክ ይቀይራል፤ የድሮው ካርድ የድሮው ክሊኒክ ውስጥ ይቀራል። ለሩማቶይድ ሕመምተኛ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የዛሬው 40 ትርጉም የሚኖረው የባለፈው 90 ወይም 15 ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የውጤት ወረቀት አትጣሉ። ቀኑን፣ የላቦራቶሪውን ስም፣ ያን ሰሞን የወሰዳችሁትን መድኃኒት ጀርባው ላይ ጻፉበት፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ከሆነ ብግነቱንም ቁጥሩንም ስለሚያወርድ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሜቶትሬክሴት የታዘዘላችሁም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ለእሱ የጉበትና የደም ሴል ምርመራ በየጊዜው ይታዘዛል፤ እነዚያንም ወረቀቶች ከነኢ.ኤስ.አር.ው በአንድ ክላሰር አኑሩ።