ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ

በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአቦምሳም እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ለኀዘንተኛ ቀድሞ የሚደርሰው ተቋም ታፔላ የለውም። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳንና ጥሩምባ ነፊ ግን አለው። እድር ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት በሆነበት ሰፈር እድሩ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ሰውን የሚያስተሳስረው መዋጮው ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ስለ መረዳጃ ማኅበሮቻችን ሲጽፉ፣ እድር በከተሞች ሥር የሰደደ ነገር ነበር።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው መርዶ ነው። ሩቅ አገር ልጁ የሞተበትን አባት በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ሽማግሌዎች ማታውን ተማክረው፣ የነፍስ አባቱን ይዘው ጎህ ሳይቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ጎረቤት ቀድሞ ተነግሮት ደጅ ላይ ይጠብቃል፤ ሰውየው ሲጮኽ የሚይዘው እጅ አያጣም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያስተማረ ኮሌጅ የለም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሥራውን ያውቀዋል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ይደረድራሉ፤ የሴቶቹ እድር እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ንፍሮውን ይዞ ይመጣል። ቤተሰቡ እሳት አያነድም። ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱትን አይቶ የሚቆጣ እንግዳ አይጠፋም። ነገሩ ግን ለጨዋታ አይደለም፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር የሚያመሹበት ሰበብ ነው።

የነፍስ አባት ድርሻ ከዚህ ይረዝማል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ለጸሎት የተቀጠሩ ናቸው። ፍትሐቱ ለሟች ነው፤ ቀጠሮው ግን ካህኑን ከቤተሰቡ ጋር ዓመቱን ሙሉ ያገናኘዋል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሟች አይጸልዩም፤ መጋቢና መዘምራን ግን ኀዘን ቤት እየመጡ በቃሉና በመዝሙር ያጽናናሉ።

በ1959 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ማርጋሬት ቶሪ «ክሩዝ» የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት ያቋቋመችው፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ብቻቸውን ስለቀሩ ነበር። የኛ ችግር ሌላ ነው፦ ሰዉ መጀመሪያ ይጎርፍና ድንኳኑ ሲፈርስ ይሳሳል። ከአርባው በኋላ ባሏ የሞተባትን ሴት ደጅ ማን ይረግጣል? ተዝካሩ ራሱ ብድር ጥሎባት ሊያልፍ ይችላል፤ ለድሃ ቤት ድግሱን ቀንሶ የልጆች ደብተር መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። በኤች አይ ቪ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታማሚና ለወላጅ አልባ ሕፃናት መድረስ መጀመራቸው፣ ገንዘቡ ለቀብር ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ያሳየ ነው።

አንድ መድኃኒት ግን ደንቡ ውስጥ ቀድሞም አለ። ባል ሲሞት አባልነቱ በብዙ እድሮች ለሚስቱ ይተላለፋል፤ መዋጮውን መክፈል ትቀጥላለች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ጥሩምባ ሲነፋ እሷም ትጠራለች፤ ኀዘንተኛ ነኝ ብላ ብትቀር እንደማንኛውም አባል ልትቀጣ ትችላለች። ስለዚህ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትወጣለች፤ እሷ ዘንድ የተቀመጡትን ሴቶች እዚያ ታገኛቸዋለች፣ አጠገባቸውም ትቀመጣለች።