የርካሽ ጥይት ዋጋ

ባያትሎን የበረዶ ላይ ሸርተቴንና የዒላማ ተኩስን ያጣመረ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የባያትሎን ተኳሾች የጦር ሠራዊት ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ትተው 5.6 ሚሊ ሜትር ካሊበር ያለውን ትንሽ ጠመንጃ ያዙ፤ የተኩሱም ርቀት ከ150 ወደ 50 ሜትር አጠረ። ከትርፉ አንዱ የጥይቱ ርካሽነት ነበር። ይሁንና ርካሽነቱ ከምን የመጣ ነው ብለን እንጠይቅ።

በትልቁ ጥይት እሳት የሚያስነሣው ውሕድ ለብቻው በተሠራች ትንሽ ቆብ ውስጥ ሆኖ በቀለሁ መቀመጫ መሃል ይገጠማል። ትንሹ ጥይት ይህች ቆብ የለችውም፤ ውሕዱ የሚቀመጠው በስሱ ቀለህ ጠርዝ ውስጥ ነው። አሠራሩ ስለቀለለ ዋጋው ይረክሳል፤ ተኳሹም አብዝቶ ይለማመዳል። ነገር ግን ውሕዱ ጠርዙን ዙሪያውን በእኩል ካልሞላው፣ መምቻው ባዶውን ቦታ ሲያገኝ ጥይቱ ይከሽፋል።

ተወዳዳሪው በአንድ ዙር ለ5 ዒላማዎች የሚተኩሰው 5 ጥይት ነው። አንዱ ሲከሽፍበት አውጥቶ ሌላ በእጁ ማጉረስ አለበት፤ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ሜዳልያ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የሁለት ጥይቶችን ዋጋ ስናነጻጽር በስንት ተገዛ ብቻ ሳይሆን ከመቶው ስንቱ ተኮሰ ብለንም እንቁጠር እንላለን።